የምክር ዓምድ፦ መጀመሪያ ወይኑን ከፍሪጁ ላይ ያውርዱት

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ባለፈው ፋሲካ አንድ ጓደኛዬ ቤት 15 ዓመት የሞላው የስፔን ቀይ ወይን ቀመስኩ። እንደዚያ ያለ ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ወይን ማስቀመጥ አማረኝ። ልጄ የተወለደችው መስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። 21 ዓመት ሲሞላት በተወለደችበት ዓመት የተሠራ ወይን ልከፍትላት እፈልጋለሁ። እስካሁን በቅናሽ የገዛሁት አንድ ካርቶን ቀይ፣ ከአገር ቤት ያመጣሁት ሁለት ጉደርና ሦስት ሪፍት ቫሊ ካበርኔ፣ እንዲሁም አንድ ፕሮሴኮ አለኝ። ኩሽና ውስጥ፣ ከፍሪጁ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አቁሜያቸዋለሁ። ቤዝመንት አለን፤ ግን ማሞቂያውና የልብስ ማጠቢያው እዚያ ነው ያለው። አማቴም በርበሬያቸውን፣ ቅቤያቸውንና ጠጃቸውን እዚያ ነው የሚያስቀምጡት። በወር 80 ዶላር መመደብ እችላለሁ። ባለቤቴ ግን ‹የማይጠጣ መጠጥ ምን ይሠራል?› እያለች ትስቅብኛለች። ከየት ልጀምር? ውሎ አድሮስ ትርፍ ይኖረዋል? የልጅቷ አባት ነኝ።»

የተከበሩ የልጅቷ አባት፣

ከሁሉ በፊት ጠርሙሶቹን ከፍሪጁ ላይ ያውርዷቸው። ዛሬውኑ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። ፍሪጅ ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ሙቀቱን ወደ ውጭ እያወጣ ነው፤ ያ ሙቀት ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ላይ ምድጃው ይነዳል፣ ወጡ ይፈላል፣ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል። ቤት ውስጥ ለወይን ከዚህ የባሰ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የሚገርመኝ የቤት ዕቃ መደብሮች የወይን መደርደሪያ ብለው የሚሸጡት አብዛኛው ለዚያው ቦታ የተሠራ መሆኑ ነው።

ካወረዷቸው በኋላ ምን ይሁኑ? ይጠጡ። ፕሮሴኮ የጣሊያን አረፋማ ወይን ነው፤ ውበቱም ትኩስነቱ ነው፤ ቢቀመጥ አረፋውም መዓዛውም ይደክማል። በቅናሽ የገዙት ካርቶንም ለዛሬ እራት የተሠራ ነው። ጉደሩን ለሚቀጥለው ጥብስ ያውጡት፤ ጉደር የናፍቆት መጠጥ ነው እንጂ ጓዳ ተቀምጦ የሚቆይ አይደለም። ዝዋይ የሚሠራው ሪፍት ቫሊ ካበርኔ ትንሽ ይታገሳል። አንዱን ለሙከራ ሁለት ሦስት ዓመት ማቆየት ይችላሉ። ለልጅዎ 21ኛ ዓመት ግን አልመክረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሱቅ ውስጥ ከሚደረደረው ወይን አብዛኛው በተገዛ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ወይን ሲቆይ ሁሌ ይጣፍጣል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አክስሯል። ደካማ ወይን 10 ዓመት ቢቀመጥ ያው ያረጀ ደካማ ወይን ነው የሚሆነው። ዕድሜ የሚችለው ወይን ከመጀመሪያው የሚያቆየው ነገር ይዞ የተወለደ ነው። አንዱ ታኒን ነው። ከወይኑ ቅርፊትና ከውስጡ ዘር የሚወጣ፣ ስኳር እንደሌለው ወፍራም ሻይ ምላስንና ድድን የሚይዝ ነገር። ሁለተኛው አሲድ ነው፤ ምራቅ የሚያመጣው ኮምጠጥ ያለው ጣዕም። ሦስተኛው ስኳር ነው፤ ጣፋጭ ወይኖች ብዙ ዓመት የሚኖሩት በሱ ነው። እንደ ፖርት ባሉት፣ አልኮል በሚጨመርባቸው ወይኖች ላይ ደግሞ አልኮሉም ያግዛል። እነዚህ ቢኖሩም የፍሬው ጣዕም ራሱ ጠንካራ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ታኒኑ እስኪለሰልስ ፍሬው ቀድሞ ያልቃል።

ጠርሙሱ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። በቡሽ በኩል እጅግ ትንሽ አየር ይገባል። ታኒንና ቀለም ቀስ በቀስ እየተያያዙ ይከብዱና አተላ ሆነው ወደ ታች ይወርዳሉ። ያኔ አፍ የሚይዘው ነገር ይለሰልሳል። ሐምራዊ የነበረው ቀይ ወይን ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል፤ ነጩ ወደ ወርቅማ። የትኩስ ፍሬው መዓዛ ወደ ደረቅ ፍሬ፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ እንጉዳይ፣ ዝናብ የነካው አፈር ይለወጣል። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀት ካለ ግን ለውጡ በጥድፊያና በመጥፎ መንገድ ይሄዳል፤ ወይኑ የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ዕለት የቀመሱት ምን ነበር? ጓደኛዎን ይጠይቋቸው። ከስፔን ከሆነ፣ 15 ዓመትም ከሞላው፣ ሪዮሃ ከሚባለው የስፔን ወይን አገር የመጣ ግራን ሬዘርባ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ይሄን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የቆየ ወይን ሁሉም ሰው አይወድም። የወይን ፍቅር ያላቸው ሰዎች እንኳ አንዳንዶቹ የቆዳውን የእንጉዳዩን ጣዕም ሲቀምሱ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። ስለዚህ ለ12 ዓመት ገንዘብና ቦታ ከመመደብዎ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት የቆዩ ወይኖች ይቅመሱ። ባለቤትዎም ይቅመሱ። ሪዮሃ ለዚህ የተመቸ አገር ነው፤ ወይን ሠሪ ቤቶቹ ራሳቸው አስቀምጠው አቆይተው ይሸጣሉ። በደንቡ መሠረት ግራን ሬዘርባ የሚባል ቀይ ወይን ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመቱ በኦክ በርሜል። ሎፔዝ ደ ኤሬዲያን የመሰሉ ቤቶች ከደንቡም አልፈው ብዙ ዓመት ይጨምሩበታል። አንድ ጠርሙስ ገዝተው ከበግ ጥብስ ጋር ይክፈቱት። ሁለታችሁም ከወደዳችሁት የቀረውን ያንብቡ። ካልወደዳችሁትም 80 ዶላሩ ለሌላ ነገር ይጠቅማል።

ወደዳችሁት እንበል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚገዛው ወይን አይደለም፤ ቴርሞሜትር ነው። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚመዘግበው፣ እርጥበትም የሚለካው ዓይነት። ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ ወይን አይበልጥም። ቤዝመንት ውስጥ ከማሞቂያው፣ ከውሃ ማሞቂያ ጋኑና ከልብስ ማጠቢያው በጣም የራቀውን፣ በአፈር የተደገፈውን ግድግዳ ይፈልጉ፤ በተለይ ወደ ሰሜን የዞረውን። ቴርሞሜትሩን እዚያ ወለሉ አጠገብ ያስቀምጡት። በየሳምንቱ አይተው ይጻፉ። ሐምሌና ነሐሴን፣ ከዚያም ማሞቂያው ቀን ከሌት የሚሠራበትን ጥርና የካቲት ሳያዩ አይፍረዱ።

የሚፈለገው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በእናንተ በኩል 55 ፋራናይት አካባቢ ማለት ነው። ግን በዚህ ቁጥር አይሸበሩ። ከቁጥሩ በላይ የሚጎዳው መዋዠቅ ነው። በክረምት 13፣ በበጋ 19 የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚወጣና ቀስ ብሎ የሚወርድ ምድር ቤት ወይኑን ትንሽ ቀደም አድርጎ ያበስለዋል እንጂ አያበላሸውም። ቀን 24፣ ሌሊት 15 የሚሆን ክፍል ግን ወይኑን ያስፋፋዋል፣ ያኮማትረዋል፣ በቡሹ በኩል አየር ያስገባዋል። ሙቀቱ 30 ሲደርስ ደግሞ ወይኑ ቡሹን ገፍቶ ሊፈስ ይችላል። ለዚህ ነው ጋራዥን የማልመክረው። የሜሪላንድ ጋራዥ በሐምሌ ምድጃ ነው፣ በጥር በረዶ ቤት።

ፀጥ ያለ ቅዝቃዜና ጨለማ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ከፈለጉ የባልቲክ ባሕሩን ታሪክ ይስሙ። በ2010 እ.ኤ.አ. ጠላቂዎች በፊንላንድ ኦላንድ ደሴቶች አጠገብ ከሰመጠ መርከብ 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች አወጡ። ከ160 ዓመት በላይ ባሕር ሥር የቆዩ ናቸው። ቬቭ ክሊኮ የሚባለው ቤት የሠራቸውም ነበሩበት። ከመካከላቸው ተቀምሰው ሕይወት ያላቸው ሆነው የተገኙ ነበሩ። ማንም አልተንከባከባቸውም። ቀዝቃዛ፣ ጨለማና ሁሌ አንድ ዓይነት የሆነ ቦታ ላይ መውደቃቸው ነው የጠቀማቸው።

የእርስዎ ቤዝመንት በነሐሴ ከ21 ዲግሪ (70 ፋራናይት) ካላለፈ ምንም ማሽን አያስፈልግዎትም። ግድግዳው ጋ ጠንካራ መደርደሪያ ያቁሙ፤ በዙሪያው ብርሃን የማያስገባ መጋረጃ ወይም በር ያድርጉ። የታችኛው ረድፍ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበል፤ የእናንተ አካባቢ ቤዝመንት ዝናብ ሲበረታ ውሃ እንደሚገባው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሙቀቱ ከ21 ካለፈ ግን ወይን ማቀዝቀዣ ይግዙ። እዚያ ላይ ሁለት ምክር አለኝ። የመጀመሪያው፦ 46 ጠርሙስ ይይዛል ተብሎ የተጻፈበትን አይመኑ። የሚቆጠረው የፈረንሳዩ የቦርዶ ወይን በሚሞላበት ቀጭን ጠርሙስ ነው፤ ሆዳሙ የቡርጎኝ ወይም የሻምፓኝ ጠርሙስ ሲገባ ቁጥሩ በደንብ ይቀንሳል። ሁለተኛው፦ በኮምፕሬሰር የሚሠራውን ይምረጡ። ያለ ኮምፕሬሰር የሚሠሩት ትንንሾቹ ዝም ያሉ ናቸው፤ ግን ክፍሉ ሲሞቅ አቅም ያንሳቸዋል። የኩሽናው ፍሪጅ ለጥቂት ሳምንት ነው እንጂ ለዓመታት አይሆንም። በጣም ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ደረቅ ነው።

እርጥበቱ 60 እና 70 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ከደረቀ ቡሹ ይኮማተራል። በጣም ከረጠበ ወይኑ ምንም አይሆንም፤ ሌብሉ ግን ይሻግታል፣ ካርቶኑ ይበሰብሳል። እርጥበት መምጠጫ ማሽን በበጋ የምታስነሱ ከሆነ ከወይኑ አርቁት። እሱም ሙቀት ይተፋል። በቡሽ የተዘጋ ጠርሙስ ይጋደም፤ ወይኑ ቡሹን ሲነካው እንዳይደርቅ ያደርገዋል። በሚዞር የብረት ክዳን የተዘጋው ቢቆምም ቢጋደምም ግድ የለውም።

የአማትዎ ጉዳይ ስስ ነው። እሳቸውን ከቤዝመንቱ ማስነሳት እንደማይቻል ይገባኛል፣ ማንም አይጠይቅዎትም። በርበሬና ንጥር ቅቤ በቡሽ በኩል ሽታ ያስገባሉ አያስገቡም የሚለው ያከራክራል። እኔ ለ12 ዓመት የሚቀመጥ ጠርሙስ አጠገባቸው አላኖርም፤ ሌላኛው ጥግ ይሁን። ቀለም፣ ነዳጅና የጽዳት ኬሚካል ደግሞ ጨርሶ አይቅረቡት። ጠጁ ግን ከሽታ በላይ ነው። ፍላቱ ያላቆመ የቤት ጠጅ በመስታወት ጠርሙስ ተሞልቶ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ጋዙ መውጫ ያጣና ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። አማትዎ የጣሉትን ጠጅ በባዶ ወይን ጠርሙስ እየሞሉ በመደርደሪያዎ ላይ እንዳያስቀምጡልዎት፣ በደግነት ማለቴ ነው፣ አስቀድመው ይነጋገሩ። ጋዙ የሚወጣበት ክዳን ባለው ዕቃ፣ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ወደ ልጅዎ ወይን እንምጣ። መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን እናስተካክል። ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። መስከረም 2009 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2016 ነው። ስለዚህ ሱቅ ሄደው 2009 የተጻፈበት ጠርሙስ እንዳይገዙ፤ እርስዎ የሚፈልጉት 2016 ነው። ደግሞ የልደቷ ወር ደስ ይላል። መስከረም በአውሮፓ ወይን የሚለቀምበት ወር ነው፤ እሷ ስትወለድ ፍሬው እየተለቀመ ነበር ማለት ነው። የደቡብ አፍሪካ 2016 ግን ከመወለዷ ከወራት በፊት ነው የተለቀመው፣ እዚያ መከሩ ከጥር ጀምሮ ስለሆነ። ለእኔ ይሄ ለውጥ የለውም፤ ለአንዳንድ አባት ግን አለው።

ዕድለኛም ናችሁ። የልጅ ልደት ዓመት ወይን ፈላጊ ሁሉ ዓመቱ መልካም ሆኖ አይገጥመውም። በ2013 የተወለደ ልጅ ያለው ሰው ቦርዶ ልግዛ ቢለኝ ሌላ አገር ነው የምልከው። 2016 ግን በቦርዶም፣ በባሮሎም፣ በፖርትም የተመሰገነ ዓመት ነው። 21 ዓመት ሲሞላት 2037 ይሆናል። ወይኑም እኩያዋ ነው። ስለዚህ 21 ዓመት በደስታ የሚሸከመውን እንምረጥ።

ለልቤ የሚቀርበው ቪንቴጅ ፖርት፣ ማለትም ከአንድ ዓመት መከር ብቻ የተሠራ ፖርት ነው። ከፖርቱጋል የሚመጣ፣ ፍላቱ ሳያልቅ አልኮል ተጨምሮበት የሚቆም፣ 20 በመቶ አካባቢ አልኮል ያለው ጣፋጭ ቀይ ነው። የፖርት ቤቶች በየዓመቱ ቪንቴጅ አያወጡም። ዓመቱ እጅግ ጥሩ ሲሆን ነው የሚያውጁት፤ 2016ን ቴይለር፣ ግራሃም፣ ዳው፣ ፎንሴካና ዋር ሁሉም አውጀውታል። በ21 ዓመቱ ገና ጎልማሳ ነው፤ ልጅዎ ለራሷ ልጅ ብታስቀምጠው እንኳ ይችላል። ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ ነው። ከሌሎቹ ፖርቶች ግን ይለዩት። ታውኒ የሚባለው በበርሜል አርጅቶ፣ ተጠናቅቆ የሚሸጥ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ አይሻሻልም። «ሌት ቦትልድ ቪንቴጅ» የሚለውም ዓመት ተጽፎበታል፤ እሱ ግን በአብዛኛው ቶሎ ለመጠጣት ነው። ሌብሉ ላይ ቪንቴጅ ፖርት ብቻ የሚለውን ይፈልጉ። ቦርሳዎ አንድ ነገር ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ እሱን ይግዙና ሌላውን ይተዉት።

ሁለተኛው ቦርዶ ነው፣ በተለይ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው የወይን ዘር የሚበዛበት የወንዙ ግራ ዳርቻ። እንደ ማርጎና ላፊት ያሉትን ታላላቅ ስሞች ይርሷቸው፤ የእርስዎ የዓመት በጀት ለአንድ ጠርሙስ ነው የሚሄደው። ሻቶ ካንትሜርል፣ ሻቶ ሻስ ስፕሊን፣ ሻቶ ፑጆ፣ ሻቶ ሶሲያንዶ ማሌ የሚሉትን ስሞች ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ። ዝናቸው ከታላላቆቹ ያንሳል፤ እንደ 2016 ባለ ዓመት ግን 20 ዓመት መቆየት ይችላሉ። ባሮሎም እንዲሁ። የሰሜን ጣሊያን ነው፣ ኔቢዮሎ ከሚባል ወይን ብቻ የሚሠራ። ቀለሙ ሲያዩት ሳሳ ያለ ነው፤ ታኒኑ ግን አይምርም። ወይኑ ገና ልጅ ሳለ የቀመሰው ሰው ለምን እንደሚወደድ አይገባውም።

ለቤቱ ሰላም ደግሞ ከጀርመን ሞዜል ጥቂት ሪስሊንግ ይጨምሩ። ሽፔትሌዘ ወይም አውስሌዘ የተባለውን። ጣፋጭ ነጭ ነው፣ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው፣ አሲዱ ግን ስለት አለው። ብዙ ሰው ነጭ ወይን አይቆይም ይላል። ይሄኛው 20 ዓመት ቆይቶ ማር ማር ይላል። ዋጋውም ከቀዮቹ ይቀላል። ጠጅ የለመዱት አማትዎ ከሁሉም የሚወዱት እሱን ነው የሚሆነው፣ ይመኑኝ።

የካሊፎርኒያውን የናፓ ካበርኔ ስላልጠቀስኩ ቅር እንዳይልዎት። 2016 እዚያም መልካም ነበር። ግን የሚቆየው በጣም ውድ ነው፤ በዚያ ዋጋ ከአውሮፓ ሁለትና ሦስት ጠርሙስ ይገኛል።

ችግሩ 2016 አሁን ልጅ ወይን አይደለም። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት ቆሞ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የት እንደነበረ ይጠይቁ። መስኮት ላይ ፀሐይ የመታውን አይግዙ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስተው ወይኑ አንገቱ ውስጥ መድረሱን ይዩ፤ በ10 ዓመቱ ወደ ትከሻው የወረደ ከሆነ ፈሷል ወይም ተንኗል። ቡሹ ከአፉ ወደ ላይ ተገፍቶ ከሆነ ወይም አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ የወይን ዱካ ካለ ሙቀት አይቶታል፤ ይለፉት። ቤት ድረስ እንዲላክልዎት የሚያዝዙ ከሆነ ጥቅምትና ኅዳርን ወይም መጋቢትን ይጠብቁ። በሐምሌ መኪና ውስጥ ከሰዓት የዋለ ካርቶን የ12 ዓመት ልፋትዎን በአንድ ቀን ያበላሸዋል። ከሱቅ ሲገዙም ወይኑን ይዘው ሌላ ጉዳይ አይዙሩ፤ በቀጥታ ወደ ቤት።

አሁን 80 ዶላሩ። በየወሩ አንድ ሌላ ዓይነት ጠርሙስ እየገዙ መሰብሰብ ያጓጓል፤ ግን አይጠቅምም። ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ ካለዎት መቼ እንደሚከፍቱት አያውቁም። ስለዚህ አይከፍቱትም። አንድ ዓይነት ወይን 6 ጠርሙስ መያዝ ስድስት የተለያየ ከመያዝ ይበልጣል። ለሁለት ሦስት ወር ገንዘቡን ያጠራቅሙና አንዱን ዓይነት በብዛት ይግዙ፤ ብዙ ሱቆች ሙሉ ካርቶን ለሚገዛ ሰው ዋጋ ይቀንሳሉ። ከስድስቱ ቦርዶ አንዱን በዚህ ዓመት ይክፈቱ። አንዱን በ2029፣ አንዱን በ2033። እየበሰለ መሄዱን በምላስዎ ያዩታል። በመካከሉ አንዱን ከፍተው ጣዕሙ ጭራሽ የጠፋ ቢመስልዎት አይደንግጡ። አንዳንድ ወይን ከወጣትነት ወደ ብስለት ሲሻገር ለጥቂት ዓመት ዝም ይላል፤ ኋላ ይመለሳል። እንደዚያ አድርገው ለ2037 ሦስት ይተርፍዎታል። ሦስት የምለውም በምክንያት ነው። አንድ ብቻ አስቀምጠው ያን ዕለት ሲከፍቱት ቡሹ ተበላሽቶ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ቢሸትዎትስ? ያ የሚሆነው በማንም ጥፋት አይደለም፤ በቡሹ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ማረጋገጫው ሁለተኛ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ለባለቤትዎ ጥያቄ መልሱ ያው ነው። የሚጠጣ መጠጥ ነው፤ ግማሹ በየዓመቱ ይጠጣል። 80ውን ለሁለት ይክፈሉት፦ ግማሹ ለዛሬ ገበታ፣ ግማሹ ለጓዳው። የሚጠጣው እሳቸው በሚመርጡት ይሁን። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚገባው ጓዳ ዕድሜ የለውም።

ትርፍን በተመለከተ ተስፋ አላበዛብዎትም። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው፤ መሸጥ የሚቻለው ፈቃድ ባላቸው ጨረታ ቤቶችና ነጋዴዎች በኩል ነው፤ እነሱም ድርሻቸውን ይቆርጣሉ። የሚፈለጉት ደግሞ ጥቂት ታዋቂ ስሞች ናቸው፤ በባለሙያ መጋዘን የተቀመጡ። ከማሞቂያ አጠገብ ካለ ቤዝመንት የወጣ ካንትሜርልን ብዙ ዋጋ የሚሰጥበት የለም። በውድ ወይን ገበያ ማጭበርበርም አለ። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለው ሰው ኩሽናው ውስጥ ርካሽ ወይን እየደባለቀ፣ የሐሰት ሌብል እየለጠፈ በሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ኖሮ በ2013 ኒው ዮርክ ላይ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2014 የ10 ዓመት እስር ተፈረደበት። ከእሱ የገዙት ደግሞ እናውቃለን የሚሉ ሀብታሞች ነበሩ። ለትርፍ ካሰቡ ገንዘቡን ለልጅዎ የትምህርት ቁጠባ ውስጥ ያስገቡት።

ደብተር ይያዙ። ምን፣ መቼ፣ በስንት፣ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ መቼ መከፈት እንዳለበት። የልጅዎ ጠርሙሶች አንገት ላይ ስሟን የጻፉበት ወረቀት ያንጠልጥሉ፤ እንግዳ የመጣ ዕለት ማታ አንድ ሰው ወርዶ እንዳያወጣቸው። 21 ያሉት ዕድሜ ትክክል ነው። በአሜሪካም የመጠጥ ዕድሜው ያው 21 ነው፤ በኢትዮጵያም ከ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ እንዲሁ። ሳትደርስ አይሽቀዳደሙ።

ስለ አከፋፈቱ አልጠየቁኝም፤ ቢሆንም ልንገርዎት። ጠርሙሱን ከሁለት ቀን በፊት አንስተው ያቁሙት፤ አተላው ይውረድ። ያረጀ ቡሽ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ ሁለት ቀጫጭን ምላስ ያለውን፣ ቡሹን ሳይበሳ ከጎንና ከጎኑ ይዞ የሚያወጣውን መክፈቻ ይግዙ። ሳይነቀንቁ፣ ከአንገቱ ሥር ብርሃን አድርገው፣ ቀስ ብለው ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡ። አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ ያቁሙ። የፖርት አተላ ብዙ ነው፤ ጠጅ የሚጠለልበት ዓይነት ንጹሕ ጨርቅ ቢጠቀሙ ይሻላል። ጨርቁ ሳሙና ሳሙና እንዳይሸት ብቻ በውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ቦርዶውንና ባሮሎውን የከፈቱ ዕለት ይጨርሷቸው። ቪንቴጅ ፖርቱ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ እስከ ማግስቱ፣ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ይቆያል።